የውሰት ናፍቆት

ዕድሜያችን ሠላሳዎቹን ካጋመሰ ወዲህ እኛ አብሮ አደጎች በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን ሁለት ብቻ ሆኗል፤ የኑሮ ውድነትና «የእኛ ጊዜ»። በኑሮ ውድነቱ ሁላችንም እንስማማለን። ጠቡ ያለው «የእኛ ጊዜ» ላይ ነው። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲያልፍ አንዱ በረጅሙ ይተነፍስና «አይ የእኛ ጊዜ ልጅነት!» ይላል። ከዚያ ዝርዝሩ መውረድ ይጀምራል፤ አባባ ተስፋዬ፣ ብይ፣ ሱዚ፣ ፔፕሲ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ ቪዲዮ ቤት ያየነው ራምቦ። ዝርዝሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። የጎንደሩም፣ የሐዋሳውም፣ የእኛዋ የአዊ ገጠር የጥርባም ልጅ በቃሉ ይወጣዋል። እንዲያውም የጥርባው ከሁሉም አጥርቶ ይወጣዋል። እኔን የቸገረኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ጥር የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰሞን እንጅባራ ላይ አንዱን የጥርባ ልጅ አገኘሁት። አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ ለበዓል ብቻ ብቅ ይላል። ቡና ይዘን እንደተቀመጥን ጀመረኝ።

«አባባ ተስፋዬ ያላሳደጉት ልጅ ምኑን ልጅ ሆነ!» አለ፣ እንባ አቅርሮ።

«አንተን ደግሞ መቼ አሳደጉህ?»

«በቴሌቪዥን ነዋ!»

«በማን ቴሌቪዥን?»

ዝም አለ። ሲኒውን በጣቱ አሽከረከረ።

«እዚያ ባለወፍጮው ቤት አልነበረም እንዴ?»

«ባለወፍጮው ቤት የነበረው ሬዲዮ ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ አልቆ ነው የሚከርም።»

«ታዲያ እኔ የማስታውሰው ምንድን ነው?»

ምን እንደሚያስታውስ እኔ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባን ጊዜ፣ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ የከተማ ልጆች ልጅነታቸውን ሲያወሩ እኛ ጥግ ይዘን እንሰማ ነበር። እነሱ ስለ ካርቱን ሲያወሩ እኛ ስለ በግ ጥበቃ ማውራት አሳፈረን። ስለዚህ አዳመጥን። አንደኛ ዓመት አዳመጥን፤ ሁለተኛ ዓመት ራሳችንን መነቅነቅ ጀመርን፤ ስንመረቅ ሁላችንም አባባ ተስፋዬን እያየን ያደግን ሆነን ተመረቅን።

እሳቸውማ ምን በወጣቸው! የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብረው ጀምረው እስከ 1998 ድረስ የአገሩን ልጅ በተረት ያጫወቱ ሰው ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ኮርያ ዘምተው ለነበሩት ወታደሮቻችን የተጫወቱ፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው መድረክ የወጡ የቴአትር ሰው ነበሩ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እኔም አዝኛለሁ። ያዘንኩት ግን እንደ አገር ሰው ነው እንጂ እንደ ልጅነት ተመልካች አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ልጆችን በሙሉ ይጠሩ ነበር። የእኛ ሰፈር መብራት ስላልነበረው ጥሪው አልደረሰንም።

የውሰት ናፍቆት የውሰት ልብስን ያህል እንኳ አይሞቅም። ለብሰነው የምንዞረው የራሳችን ቁምሳጥን ባዶ የሆነብን መስሎን ነው። እስቲ እንክፈተው።

አዊ የድንች አገር ነው፤ የድንች አገር ልጅ ደግሞ የመጀመሪያ መጫወቻው ድንች ነው። ሞላላውን ትመርጣለህ። አራት ስንጥር እግር፣ ሁለት ስንጥር ቀንድ ትሰካበታለህ፤ በሬ ሆነ። ሌላ ስትጨምርለት ጥማድ ሆነ። በክብሪት እንጨት ትጠምዳቸዋለህ፤ ጓሮ ወርደህ፣ ጅራፍህን ይዘህ፣ «ና! ተመለስ!» እያልክ ታርሳለህ። ችግሩ ሲመሽ ነው። እናቴ ራት ያነሳት ማታ ጓሮ ትወጣና በሬዎቼን ትሰበስባቸዋለች። ቀንዳቸውን ነቅላ፣ አጥባ፣ ድስት ውስጥ ትጨምራቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ስም አውጥቼለት አብሬው ሳርስ የዋልኩትን በሬ በጨውና በበርበሬ የበላሁበት ማታ ብዙ ነው። የዛሬ ልጆች መጫወቻቸው ሲሰበር ያለቅሳሉ። እኛ የተሰበረ መጫወቻ አናውቅም፤ የበሰለ እንጂ።

የሽቦ መኪናውን አልፈዋለሁ፤ እሱ በየአገሩ አለ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ጎማው የሚቆረጠው ከነጠላ ጫማ ነው፤ ጫማው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን ጎማው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው።

የእኛ፣ የእኛ ብቻ የምለው የቀርከሃ ፈረስ ነው። ቀርከሃ በአዊ ደጋ አጥርም፣ ቅርጫትም፣ ወንበርም፣ የቤት ማገርም ነው። ትልቁ ሰው እነዚህን ሁሉ ሲያይበት ልጅ የሚያየው ፈረስ ነው። ለጋው ስለሚሰነጠቅ አይሆንም፤ ጠና ያለውን፣ ከሥሩ ጎበጥ ያለውን መፈለግ ነው፤ ጉብጠቱ አንገት ይሆናል። ከቃጫ ልጓም ትፈትላለህ። ከማዳበሪያ ጆንያ ክር እየመዘዝክ ጋማ ታበጃለህ። ደፋር ከሆንክ ደግሞ ከአባትህ ጋቢ ዳር ዘርፍ ትቆርጥና ግላስ ታለብሰዋለህ። (ይህን ለማድረግ የደፈረውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ነው ራቱን የበላው።)

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ቢባል ከአባቶቻችን ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ትልልቆቹ ያን ሁሉ ግላስና መጣብር አሸብርቀው ሜዳውን ሲያናውጡት ያየ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያበደ ነው። እውነተኛውን ፈረስ አባትህ አያስነካህም። ቀርከሃውን ግን ማን ይከለክልሃል?

የቀርከሃ ፈረስ አንድ ከባድ ጠባይ አለው፤ ጋላቢውም ተጋላቢውም አንተው ነህ። ላቡም የአንተ፣ ማሽካካቱም የአንተ፣ ኮቴውም የአንተ ነው። ዳገት ላይ ሲደክምህ ዘለህ ትወርድና ፈረስህን «አንተ ሰነፍ!» ብለህ ትገርፈዋለህ፤ ከዚያ መልሰህ ተጭነኸው፣ ማለትም ተሸክመኸው፣ ትወጣለህ። ጉግስ ስንጫወት ደግሞ ሁሉም ለራሱ የፈረስ ስም ይሰጣል። የምኒልክ አባ ዳኘው፣ የዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ የባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሁሉም ጥርባ ሜዳ ላይ ነበሩ። ነገሥታቱንም የጦር መሪውንም እኛ ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ እንጨፈልቃቸው ነበር።

የቴዎድሮስን አባ ታጠቅ የወሰደው ማን ይመስላችኋል? ያ እንጅባራ ላይ ስለ አባባ ተስፋዬ እንባ ያቀረረው አብሮ አደጌ! ከሁላችንም ቁምጣው ቁልፍ የሌለው እሱ ነበር፤ መታጠቂያ የሚባል ነገርም አልነበረውም። በአንድ እጁ ልጓም፣ በአንድ እጁ ቁምጣውን ይዞ ይጋልባል። ግልቢያው እንደምንም ይሆናል። ጉግስ ግን ዘንግ መወርወርም፣ በጋሻ መመከትም አለው፤ ለዚህ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ሴቶቹ ከውኃ ሲመለሱ ሲያይ ጀግንነቱ ተነሣበትና ዘንጉን ለመወርወር እጁን አነሣ። የትኛውን እጅ እንዳነሣ ለመናገር አይመቸኝም። አባ ታጠቅ ጠላት ሳይነካው በዚያ ሜዳ ላይ ወደቀ።

ይህን ሳስታውሰው እንጅባራ ላይ ያችው ሲኒ ከእጁ ወድቃ ተሰበረች። እንባው ይወርድ ጀመር፤ አሁን ግን ያለ ውሰት ነው፣ በሳቅ ነው። ቁምጣዋ ካኪ እንደነበረች፣ ከኋላ በሰማያዊ ጨርቅ እንደተጣፈች ሳይቀር ነገረኝ። አባባ ተስፋዬ ምን እንደለበሱ ብጠይቀው ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ።

ወደ መጻሕፍቱ ስመጣ እርግጥ እኛም በሶ የበላውን አበበን፣ ጩቤ የጨበጠውን ጫላን እናውቃቸዋለን። ከዚያ ያለፈው ቤተ መጻሕፍታችን ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልለው ከአሮጌ መጻሕፍት በተገነጠለ ወረቀት ነው። እናቴ ሩብ ኪሎ ስኳር ልካኝ ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ጥቅሉን እያዟዟርኩ አነባለሁ። አንድ ጊዜ ታሪኩ አንበሳ ወጥመድ ውስጥ የገባበት ገጽ ላይ ቆመብኝ። ቀጣዩ ገጽ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ስኳሩ ግን ቤት ሞልቷል። ስኳሩ ቶሎ እንዲያልቅ ያደረግሁትን ጥረት እግዜር ይቁጠርልኝ። ከቀናት በኋላ ስላክ ሮጥኩ። ባለሱቁ የጠቀለለልኝ የሒሳብ መጽሐፍ ነበር። ያ አንበሳ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ሬዲዮዋም እንደዚያው ነበረች። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተረከው በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲደጋገም ባለወፍጮው ቤት ደጃፍ እንሰበሰባለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ የጎጃም ታሪክ ስለሆነ ትልልቆቹ ዘመድ የሚወራላቸው ያህል ነበር የሚሰሙት። ድምፁ መዳከም ሲጀምር ድንጋዮቹ ይወጡና ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። ፀሐይ ካልጠቀመ በጥርስ ይነከሳሉ፤ የነከሰውም «አሁን ነፍስ ዘራ» እያለ ይመልሳቸዋል። እኛ አገር ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ፀሐይ የለ፣ ጉም ብቻ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ ገና ማንኩሳ ሳለ ድንጋዩ አለቀ። ስለዚህ እኔ ካደግሁ በኋላ መጽሐፉን እስካነብ ድረስ በዛብህ ከእናት አባቱ ጋር ማንኩሳ በሰላም የሚኖር ሰው ይመስለኝ ነበር። እኔ እንዳወቅሁት ቢኖር ኖሮ ይሻለው ነበር።

ከቴሌቪዥን ጋር በወጉ የተዋወቅነውስ? ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ በፕላዝማ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲታደል ለእኛም ደረሰን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚወርድ ነው፤ በእንግሊዝኛ። መምህሯ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ፈገግ ብላ ጥቂት ትጠብቃለች፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። ከክፍሉ ውስጥ የተነፈሰ ሰው የለም። በሕይወቴ ያለ ሥራዬ እንደ እሷ ያመሰገነኝ አላገኘሁም። መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ እሷ ምዕራፍ ለውጣለች። እንግዲህ የእኔ ትውልድ የጥርባ ልጅ «የልጅነቴ የቴሌቪዥን ፕሮግራም» ብሎ በሐቅ የሚናፍቅ ከሆነ እሷን ይናፍቅ። እኔ ግን አልናፈቀችኝም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከነፈረሶቻችን የጋለብንበት ሜዳ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሎበታል፤ ተቆርጦ ከሰል ሆኖ ለገበያ ይሄዳል፤ ገበሬው ጥሩ ገንዘብ ያገኝበታልና በዚህ አላዝንም። የእህቴ ልጅ በስልክ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ታያለች። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በ1999 ዓ.ም. የጀመረችው ይህ ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪ ቀጭኔ ለልጆቻችን ሰጥቷል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል፤ ተገቢ ነው። ልጅቱ ቀጭኔን አሳምራ ታውቃለች። ጥርባ ቀጭኔ ኖሮ አያውቅም። ፈረስ ግን በየደጁ ታስሯል፤ እሱን ስልኩ ውስጥ አላገኘችውም።

ስለዚህ ለልጆች የምትጽፉ፣ የምትስሉ፣ አሻንጉሊት የምታንቀሳቅሱ ሁሉ፣ በተለይ በአውንጊ ማስተማሪያ የምታዘጋጁ የአዊ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጥርባ ልጆች ልጅነት አንድ የቀርከሃ ፈረስ አንሡና ታሪክ ሥሩለት፤ ሞዴል ካስፈለጋችሁ ጥር 23 እንጅባራ ኑ፤ ትልልቆቹን አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ሜዳው ዳር ዞር በሉ። ጋላቢውን አባ ታጠቅ የምትሉት ከሆነ ግን፣ በወዳጄ ስም እለምናችኋለሁ፣ መታጠቂያውን አትርሱበት።