ጋሼ ጋሪ፣ ጋራው መጣልህ!

ጋሼ ጋሪ ደግሞ መጣ! ታቦት ሊወርድ ነው፣ የጥምቀት ሕዝብ መርገጫ አጥቷል፣ እሱ ባለ አራት ጎማ የልጅ ጋሪ እየገፋ «አሳልፉኝ!» ይላል። ወዴት እናሳልፍህ? እኛ ራሳችን የምናልፈው አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ነው። ግፊያ ላይ የሚገፋ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው አያችሁ? አንተ ጋሪውን ትገፋለህ፣ ጋሪው ሰዉን ይገፋል፣ ሰዉ አንተን ይገፋል። «ተገፋሁ!» ብሎ የሚጮኸው ግን አንተ ብቻ ነህ። ስማ፦ ሰው በበዛበት ቦታ ልጅ ይታዘላል እንጂ አይገፋም። ልጅህን ከምትገፋ ጉራህን ግፋ!

እስቲ አገሩን እንይ። መንዝ ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። ጌራ ላይ ጋሪ! ለአፍ ይገጥማል፣ ለእግር አይገጥምም። «መሐል ሜዳ» የሚባል ከተማ እንዳለ ሰምተህ አገሩ ሁሉ ሜዳ መስሎህ ከሆነ፣ ሜዳው መሐሉ ነው፤ ዳሩ ገደል ነው። ከጎማህ አንዱ ሞላሌ፣ አንዱ ዘመሮ፣ አንዱ ግሼ ራቤል ይቀራል፤ አራተኛውን አንገትህ ላይ ታንጠለጥለዋለህ። ወደ መርሐቤቴ ልሻገር ካልክ ደግሞ የጀማ ሸለቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል። ቁልቁለቱ ላይ ጋሪህን አትገፋውም፤ እየሮጥክ ትለምነዋለህ። ዓለም ከተማ የደረሰ እንደሆነ ጋሪው «ዓለም በቃኝ» ብሎ ይመንናል።

«እኔ ጋሪ የምገፋው ለመንዝ ጋራ ሳይሆን ለአዲስ አበባ ፓርክ ነው» አልክ? እሺ፣ እዚያም እንከተልሃለን። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈቱ። ንጣፋቸው ያምራል። በሥራ ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ጋሪህን እንደልብህ ንዳ፤ ማንም አይነካህም። በበዓል ቀን ግን የፓርኩ ሕዝብ ከገና ገበያ ይብሳል። ባለ ጥቁር ጎፈሩን አንበሳ ለማየት የተሰለፈው ሰው ተረከዙን ይዞ እያነከሰ ይመለሳል። ምን ሆንክ ሲሉት «ነከሰኝ» ይላል። አንበሳው? አንበሳውማ በአጥሩ ውስጥ በጨዋነት ተኝቷል። የነከሰው ያንተ ጋሪ ነው! አጥር የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ ተመልካች ይፍረድ።

ታክሲውንስ አስበኸዋል? ረዳቱ «ጋሪው የሁለት ሰው ይከፍላል» ሲልህ ተሳደብክ። ምን በደለ? ጋሪህ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል፣ የሦስት ሰው ጉልበት ልጧል፣ የአራት ሰው ጫማ ረግጧል። ረዳቱ አዝኖልህ ነው በሁለት የተወህ።

«ማዘል ኋላ ቀርነት ነው፤ ጋሪ ዘመናዊ ነው።» ይቺን ስጠብቃት ነበር። ዘመናዊነትህ ስንት ዓመቱ ነው? ልንገርህ። የልጅ ጋሪን ዊልያም ኬንት የሚባል እንግሊዛዊ በ1733 እ.ኤ.አ. ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች ሠራው። እኛ ዘንድ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው ነበር። በል እንግዲህ፣ የዳግማዊ ኢያሱን ዘመን ዕቃ እየገፋህ ነው የእኛን አንቀልባ አሮጌ የምትለው! ደግሞ ያን ጋሪ ይጎትት የነበረው ምን መሰላችሁ? ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ። እነሱ ዘንድ ፍየሏ ጋሪ ጎተተች፤ እኛ ዘንድ ቆዳዋ ለፍቶ፣ ጠፍር ወጥቶለት፣ ዛጎል ተሰክቶበት አንቀልባ ሆነ። ፍየሏ ራሷ ብትጠየቅ የትኛው ያኮራኛል ትል ይሆን?

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ኦወን ማክላረንን ታውቀዋለህ? ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ማረፊያ እግር የነደፈ መሐንዲስ ነው። ልጁን በጉዞ ላይ ከባዱ ጋሪ ቢያማርራት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ተጣጥፎ እንደ ጃንጥላ የሚያዝ፣ 3 ኪሎ የማይሞላ ጋሪ ሠራላት። አየህ፣ የአውሮፕላኑ ሰው እንኳ ጋሪ ቦታ እንደሚያጣብብ ገብቶት የሚታጠፍ ፈጠረ። አንተ ግን የማይታጠፈውን ገዝተህ ራስህም አልታጠፍ አልክ!

አን ሙርን ደግሞ ላስተዋውቅህ። አሜሪካዊት ነርስ ናት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ ወደ ቶጎ ሄደች። አፍሪካውያን እናቶች ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጁም ሳያለቅስ አየች። አገሯ ተመልሳ ልጇን እንደነሱ ለማዘል ሞከረች። ማዘያ አሰፋች፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ወሰደችበት፤ «ስናግሊ» ተብሎ ተሸጠ። ፈረንጅ ከአፍሪካ እናት ጀርባ ተምሮ በመደብር ሲሸጠው፣ አንተ እናትህ ያዘለችህን አንቀልባ ጥለህ ከመደብር ጋሪ ትገዛለህ። ተሸወድክ! ያውም በዶላር!

«ዲዝኒ ሄጄ አይቻለሁ፤ ሁሉም ጋሪ ይገፋል።» ዲዝኒ ሄደህ አይጧን ብቻ አይተህ ተመለስክ እንጂ ደንቡን አላየህም። ዲዝኒ ከግንቦት 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ፓርኮቹ ወርዱ ከ79 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ጋሪ አላስገባም ብሏል። ለምን? ሰው መተላለፊያ አጣ! የጋሪ አገር የምትለው በሜትር እየለካ ጋሪ ሲመልስ፣ አንተ ሜትር ሙሉ ጋሪህን ይዘህ ጃን ሜዳ ትገባለህ። ደግሞ ዲዝኒ ውስጥ ወደ መጫወቻው ስትቃረብ ጋሪው የት ይቀራል? ውጭ፣ ማቆሚያው ላይ። ልጁስ? ይታቀፋል፣ ይታዘላል። አየህ አይደል፣ ዲዝኒም ዞሮ ዞሮ መንዝ ይገባል!

«ልጁ ጋሪ ላይ ሆኖ ሁሉን ያያል።» ምኑን ነው የሚያየው? ጉልበት! ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ልጅ ዓለም ማለት ሱሪ ነው። ቤት ስትመለሱ «ፓርኩ እንዴት ነበር?» ብትለው «ሱሪ፣ ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ሱሪ» ይልሃል። አንበሳ ሳል ብትለው ቀበቶ ያስታጥቀዋል። እናቱ ጀርባ ላይ ያለው ግን ማማ ላይ ነው። ካህኑን ያያል፣ ጥላውን ያያል፣ ከበሮውን ያያል፣ ያንተን መላጣ ሳይቀር ከላይ ያያል። ማማ ምድር ተወልዶ ከማማ የሚወርድ ልጅ ያሳዝናል!

የሚተነፍሰውስ? የእንግሊዙ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጋሪ ውስጥ ያለ ሕፃን ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ከአዋቂው እስከ 60 በመቶ የበለጠ የተበከለ አየር ሊተነፍስ ይችላል። የመኪናው ጭስ ማውጫ በሱ ቁመት ነው። አቧራው በሱ ቁመት ነው። አንተ ከላይ ንጹሕ አየር ትስባለህ፤ ከታች ልጅህ የመኪና ሲጋራ ያጨሳል። ከዚያ «ልጁ ለምን ሳለ?» ብለህ ሐኪም ታስቸግራለህ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከልጁ ደረት አንሥቶ አንተ ጭንቅላት ላይ ቢያደርግ አልፈርድበትም።

«ታዝሎ ያለቅስብኛል።» ለማን ነው የምትነግረው? ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት የታቀፉና የታዘሉ ሕፃናት በ6 ሳምንታቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ ማልቀሳቸውን አሳይተዋል። የመንዝ አያቶች ይህን ለማወቅ ሰዓት መያዝ አላስፈለጋቸውም። እሹሩሩ ብለው ሁለት ጊዜ ወዝወዝ ሲያደርጉት ይተኛል። ደግሞ ብርዱን አትርሳ። የመንዝ ብርድ ጎማ አይፈራም። እናት ግን ጀርባዋ ምድጃ ነው፤ ከላይ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ጣል ይደረግበታል፣ አፍንጫው እንዳይታፈን ይገለጥለታል፣ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው ወገቧን ያቅፋሉ። በቃ፣ ልጁ ሞቀው፣ ተኛ፣ ታቦቱን ሸኘ። ያንተ ልጅ ጋሪ ውስጥ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አሁንም እየጮኸ ነው። ብርድ ልብሱ ሞላ፣ ልብ ጎደለ!

እዚያው መንዝ፣ ጓሳ ለሽርሽር ሄደህ ነበር አሉ። 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ጋሪ አወጣህ? ጉድ ነው! የመንዝ ሰው ያን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረው ለጎማህ ምንጣፍ ሊያደርገው አይደለም። ለመሆኑ ጭላዳዎቹን አየሃቸው? በመቶ ሆነው ይሰማራሉ፤ ከዚያ የበለጠ የተጨናነቀ ፓርክ ከየት ታመጣለህ? ጭላዳዋ ልጇን መጀመሪያ ሆዷ ላይ፣ ጠንከር ሲል ጀርባዋ ላይ አድርጋ ትግጣለች፣ ገደል ትወርዳለች፣ ውሻ ሲመጣ ትሮጣለች። አንድም ልጅ አልተረሳም። አንድም ጎማ አልተነፈሰም። ሣር የምትግጠው ይህን አውቃ፣ ጥሬ ሥጋ የምትቆርጠው አንተ ሳታውቅ ቀረህ!

ተመልካች ሆይ፣ ነገሬን አታጣምሙብኝ። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ጋሪው እግሩ ነው፤ ሕዝብ ሁሉ ቆሞ ያሳልፈው፣ ያላሳለፈ ይፈር። መንታ የወለደች፣ ወገቧን የታመመች እናት ትግፋ፤ እኛም ዳገቱን እናግዛታለን። ደብረ ብርሃንም በፈረስ ጋሪ ስንት ሰው ተመላልሷል። ያን ጋሪ ፈረስ ይጎትተዋል፤ የጋሼን ጋሪ ግን ጉራ ይገፋዋል። ጋሪ፣ ጋራ፣ ጉራ! ጋሪው በጋራው ተሸነፈ፤ ጉራው ብቻ ቀረ፤ እሱን ደግሞ አሁን እናወርደዋለን።

«እኔ እኮ ጋሪ የገዛሁት ለሚስቴ ጀርባ አዝኜ ነው።» በሉ ያዙልኝ! እስካሁን የት ነበርክ? አዝነህ ሳይሆን አዝለህ አሳየና! እሷ ዘጠኝ ወር ከፊት ተሸከመች፣ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተሸከመች፣ አንተ አንድ ቀን በጎማ ገፍተህ ምስጋና ትጠብቃለህ። ያንተ ጀርባ ለምን ተፈጠረ? ለኮምፒውተር ቦርሳ? ኮምፒውተሩን አዝለህ ልጁን ትገፋለህ! እንዳይሰበር የምትሳሳለት የትኛው እንደሆነ ሕዝብ አየ።

«ወንድ ልጅ አያዝልም» ብለህ ደግሞ መንዝን አትጥራብኝ። መንዝ ውስጥ ሰው ሲታመም ቃሬዛ ተሸክሞ ገደል የሚወጣ ማን ነው? ወንዱ ነው። የጎረቤቱን ሬሳ ተሸክሞ ቀባሪ የሚሆን ማን ነው? ወንዱ ነው። ጠመንጃ ያነገተ ትከሻ፣ ኩንታል የተሸከመ ወገብ፣ የገዛ ልጁ ሲሆን ከበደው? ሕፃን ስንት ኪሎ ነው? ከኩራትህ ይቀልላል!

በል ና፣ ጎንበስ በል፣ እናሳዝልህ። ጠፍሩን በትከሻህ፣ ማሰሪያውን በወገብህ። እንዲያ! ወንድ ለልጁ ጀርባውን ሰጠ ሲባል ነውር የማይሆነው እንዲህ ሲሰጥ ነው።