ሞግዚቶች ለምን ይሄዳሉ? መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ ወሰን አዲስ አበባ ነው፤ በተለይም ባልና ሚስት ቢሮ የሚውሉበት፣ የልጁ አያት ክፍለ ሀገር የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም።

ችግሩ የሚጀምርበት ቀን በሕግ የታወቀ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በ91ኛው ቀን እናት ቢሮ ትፈለጋለች፤ ልጁ ግን ጡጦውን እንኳ ራሱ መያዝ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ደላላ ይጠራል። ደላላው የሚያመጣቸው ሁሉ ጨዋና ልጅ ወዳድ ናቸው። ኮሚሽኑን በቅጥር ስለሚቀበል፣ አንዷ ለቃ ሌላዋ ስትተካ ማዘኑን የሚያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም።

ቀጣሪዋ ተያዥ፣ የመታወቂያ ኮፒና የጤና ምርመራ ትጠይቃለች። ሞግዚቷ ከቀጣሪዋ ተያዥ ስትጠይቅ አልታየችም።

የሥራው መጠሪያ «ልጅ መያዝ ብቻ» ነው። «ብቻ» የምትለዋ ቃል በአማካይ እስከ መጀመሪያው እሁድ ትቆያለች። ከዚያ «ልጁ ሲተኛ» የሚባለው ክፍለ ጊዜ ይከፈታል፤ በዚህ የአንድ ሕፃን እንቅልፍ ውስጥ ልብስ ይታጠባል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ለእንግዳ ቡና ይፈላል። ሕፃናት እንዲህ ብዙ እንደሚተኙ የሕክምና ሊቃውንት ገና አልደረሱበትም።

«እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚለው አባባል በሁሉም ቤት ተመዝግቧል። ይህ ልጅነት ሕፃኑ በሌሊት ሲያለቅስ ይጠነክራል፤ የደመወዝ ጭማሪ ሲነሳ ይላላል። እንግዳ መጥቶ ገበታ ሲቀርብ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል።

በሕግ በኩል ያለው ግኝት የረቀቀ ነው። ለእናት 90 ቀን የሰጠው ያው አዋጅ፣ እናቲቱን በ91ኛው ቀን ቢሮ የምታደርሳትን ሴት «የግል አገልግሎት» ብሎ ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል። የሥራዋን ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል፤ ቀዳሚው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ቀጣሪ አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ማደሪያ፣ ምግብና ዕረፍት ጤናዋን በሚጠብቅ መንገድ እንዲያሟላ ያዛል። ይህን ያነበበች እትዬ በናሙናችን ውስጥ አልገባችም።

መሄዱ ብዙውን ጊዜ ከበዓል ጋር ይገጥማል። ሞግዚቷ «አክስቴ ታማለች» ትላለች፤ ለፋሲካ የሄደች ለዳግማይ ትንሣኤም አትመለስም። (አክስቲቱ በየዓመቱ በዓል ጠብቀው መታመማቸው ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።) እትዬ መንስኤውን ስትጠየቅ ደላላው፣ ስልኩ፣ ዓረብ አገር ያለችው እህቷ፣ በመጨረሻም ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ትላለች። ጎረቤቲቱ መስተፋቅር አሠርታ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬም ስለነበረ ጉዳዩ ተመርምሯል። ሴትየዋ የጨመረችው ጥቂት ብርና እሁድን ነው።