ጎዶሎውን ስለሸጡልን እናመሰግናለን

ተጫዋች የሚባል ፍጡር ምስጋና አያውቅም። 60 ዶላር ይከፍልና ጨዋታው በዚያው ቀን ያለ እንከን እንዲሠራለት ይፈልጋል። ሰርቨሩ ሲወድቅ ይጮኻል፤ ላግ ሲያደርግበት ይሳደባል፤ ስንት ሌሊት የለቀመው ዕቃ በአንድ አፕዴት ድራሹ ሲጠፋ ደግሞ መንደሩን ይቀሰቅሳል። ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ ኩባንያ ሥራውን ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ቢጨርስ ምን ነውር አለው? እስቲ ዛሬ እንኳ አንድ ሰው ለተበደለው ወገን ይቁም። የተበደለው ኩባንያው ነው።

ምስክር አድርጌ የማቀርበው ፎልአውት 76ን ነው። ያወጣው ቤቴስዳ መቀመጫው ሮክቪል፣ ሜሪላንድ ነው፤ የእኛ ሰዎች ከሞሉባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። (ቅሬታውን በአካል ማቅረብ የሚፈልግ የአገር ልጅ ካለ መንገዱ ቅርብ መሆኑን ለመጠቆም ያህል ነው።) ዋናዎቹ ፎልአውቶች እስከዚያ ድረስ ለብቻ የሚጫወቷቸው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2018 የወጣው ይሄኛው ግን በኦንላይን ከሌላው ሕዝብ ጋር የሚጫወቱት ሆነ። የኑክሌር ጦርነት አሜሪካን አውድሟል፤ አንተ ከምድር ሥር መጠለያህ ወጥተህ የዌስት ቨርጂኒያን ተራሮች መልሰህ ታቀናለህ።

የሚና ጨዋታ ማለት ከሰው ጋር የምታወጋበት፣ የምትጣላበት፣ ቃል ገብተህ የምታፈርስበት ጨዋታ ነው። ይህኛው ውስጥ ሰው አልነበረም። ከሌሎቹ ተጫዋቾች በቀር የምታገኘው ሮቦት፣ ሬሳ አጠገብ የወደቀ ደብዳቤና የሟች ድምፅ የተቀረጸበት ቴፕ ነበር። ሙሾ እንጂ ወግ የለም። ሰዎቹ የመጡት በኤፕሪል 2020 ‹ዌስትላንደርስ› በተባለው ማሻሻያ ነው። እግዜርም ሰውን የፈጠረው መጨረሻ ላይ፣ በስድስተኛው ቀን ነው፤ ቤቴስዳ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ቢፈጅበት ይህን ያህል ምን ያስገርማል?

ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት የነበረውን የሙከራ ጊዜ ኩባንያው ራሱ ‹ቀድሞ የመስበሪያ ሙከራ› ብሎ ሰይሞት ነበር። ግልጽነት ማለት ይህ ነው! እንዲሰብር የተፈቀደለት ግን ጨዋታውን አስቀድሞ የገዛ ነው። ድሮ ለሞካሪ ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ አሁን ከፋዩ እሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2018 የፒሲ ተጫዋቾች የተፈቀደላቸውን ጥቂት ሰዓት ሲጠብቁ ውለው ፕሮግራሙን ቢከፍቱት፣ አውርደው የጨረሱት ወደ 50 ጊጋባይት የሚጠጋ ጨዋታ ተሰርዞ ማውረዱ ከዜሮ ጀመረ። አዲስ አበባ ሆኖ በሞባይል ዳታ ጥቅል የሚኖር ሰው 50 ጊጋ ሲባል ያልበዋል። አሜሪካኖቹን ያናደዳቸው ግን ሰዓቱ ማለፉ ነው። ብስጭትም እንደየአገሩ ነው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የሩጫውን ሥርዓት ነው። በዚያ ሙከራ ወቅት በፒሲ ላይ የእንቅስቃሴው ስሌት በሴኮንድ ከሚሣለው የፍሬም ብዛት ጋር ተቆራኝቶ ነበር፤ ለብቻ ከሚጫወቷቸው ከቀደሙት ጨዋታዎች የተወረሰ ጠባይ ነው። ብቻህን ስትሆን ማንንም አይጎዳም። ሰው ሲበዛ ግን እንዲህ ሆነ፦ ዓይንህን ወደ ተራራውና ወደ ደኑ ካቀናህ ግራፊክስ ካርድህ የሚሥለው ይበዛበትና ፍሬሙ ይወርዳል፤ አንገትህን ደፍተህ መሬት መሬቱን ካየህ የሚሣለው ስለሚያንስ ፍሬሙ ይጨምራል፣ አንተም ትፈጥናለህ። አንገቱን የደፋ ቀና ካለው ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲመክሩን የኖሩትን አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኮድ ጻፈው! ውድ ካርድ የገዛ ሰው ደግሞ አንገቱን ሳይደፋም ይፈጥናል፤ ይህም ከዚህ ዓለም አሠራር የራቀ አይደለም። ምን ያደርጋል፣ ምቀኞች አጋለጡትና ቤቴስዳ የፍሬም ጣሪያ አበጅቶ ትሕትናን ከጨዋታው አስወጣ።

ሌላውን ልለፈው። ቁልፍ የሚሰበርባት የፀጉር ማስያዣ ሽቦ አንዷ 0.1 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ግራም ገደማ ትመዝን ነበር። ስልሳ የያዘ ሰው ስድስት ፓውንድ ተሸክሞ ያዘግማል። ጩኸቱ ሲበረታ ክብደቷ ወደ 0.001 ወረደ፤ በጃንዋሪ 2019 የወጣው አፕዴት ደግሞ አንዳንድ የተጠገኑ ስህተቶችን ወደነበሩበት ሲመልስ ሽቦዋም ክብደቷን መልሳ አገኘች። ስንቱ ሰው ከስቶ መልሶ ይወፍራል፤ ሽቦ ላይ ሲሆን ነው ነውሩ? አንድ ተጫዋች በስህተት የማይሞት ሆኖ ግደሉኝ እያለ ሲለምን ከረመ፤ የዘላለም ሕይወት በ60 ዶላር አግኝቶ ማለት ነው። ሦስት የኑክሌር ሚሳይል በአንድ ጊዜ ያስወነጨፉ ተጫዋቾችን ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ከዳቸው። ይህን ስህተት የሚል ሰው የኑክሌር ጦርነት ምን እንደሆነ አልገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ እንግባ፤ ወደ ሣጥኑ። የፎልአውት ተጫዋች በሙያው ቁራሌ ነው። የተሰበረ የጽሕፈት መኪና፣ የዛገ ድስት፣ ያረጀ ማራገቢያ እየለቀመ ይፈታል፤ ከፈታው ብሎንና ሙጫ ጥይት ይሠራል፣ ጥሩር ይጠግናል፣ ቤት ያቆማል። ሳይለቅም መኖር አይችልም። ለዚህ ሰው የተሰጠው ሣጥን የሚይዘው 400 ፓውንድ ብቻ ነበር። ሁለት ሦስት ከባድ መሣሪያ፣ ትንሽ ብረታ ብረት፣ አለቀ። የምሽቱ ግማሽ የሚያልፈው ጭራቅ በመግደል ሳይሆን ሣጥኑ ፊት ተገትሮ ‹ሙጫውን ልጣል ወይስ ብሎኑን› ሲሉ በማመንታት ነበር።

ሣጥኑ ለምን ጠበበ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቴክኒካዊ ነው፦ የሰርቨሩ መረጋጋት እንዳይናጋ። ያሳምናል። እያንዳንዱ ተጫዋች ያስቀመጣትን እያንዳንዷን ብሎን ሰርቨሩ ማስታወስ አለበት፤ ብሎኑ ሲበዛ ሸክሙ ይበዛል። በዲሴምበር 2018 በብዙ ጥንቃቄ ወደ 600፣ ቆየት ብሎም ወደ 800 ከፍ አለ። ተጫዋቹም ጨዋ ነውና ሰርቨሩን እንዳያሳምም እየተሳቀቀ ብሎኑን ሲደፋ ከረመ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2019 ‹ፎልአውት ፈርስት› የተባለ ክፍያ መጣ፤ በወር 12.99፣ በዓመት 99.99 ዶላር። ከስጦታዎቹ ዋናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለቁርጥራጭ ዕቃ ገደብ የሌለው ሣጥን! ያ በ400 ፓውንድ ሲያቃስት የነበረ ሰርቨር 12.99 ሲቀምስ ጤናው ተመለሰ። የኢንጂነር እጅ ያቃተውን በሽታ የባንክ ካርድ ፈወሰው።

ይህን ማጭበርበር የሚሉት ሰዎች ንግድ አይገባቸውም። ጉድለቱ እኮ ራሱ ሸቀጥ ነው። ሣጥኑ ጠባብ ባይሆን ሰፊውን ማን ይገዛ ነበር? መሣሪያህ ቶሎ ቶሎ ባይሰበር በኤፕሪል 2019 በአቶም፣ ማለትም በጨዋታው የሱቅ ገንዘብ መሸጥ የጀመረው መጠገኛ ለምን ያስፈልግህ ነበር? (አቶም ሳይከፍሉ በጨዋታም ይጠራቀማል፤ ጊዜው ላለው።) ሱቁ የሚሸጠው ጌጣጌጥ ብቻ ነው ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር ይላሉ። ታዲያ የተሰበረ ጠመንጃ እንደ አዲስ ሲያብረቀርቅ ጌጥ አይደለም?

እርግጥ ገደብ የሌለው ሣጥን ገና ከመከፈቱ የአንዳንዶቹን ቁርጥራጭ ውጦ ቀረ፤ ጥቂት ተጫዋቾች ዕቃ እንደጠፋባቸው ኩባንያውም አምኗል። ገደብ የለውም ተባለ እንጂ መልሶ ይሰጣል ማን አለ? ‹የግል ዓለም› ብለው የከፈሉበት ሲገቡም የተበረበረ ቤትና የተጋደመ የጭራቅ ሬሳ ተቀበላቸው። ሌላ ሰው ቀድሞ አሟሽቶላቸው ነው።

ከስክሪኑ ውጭም መርሁ አልተለወጠም። በ200 ዶላር የተሸጠው ልዩ እትም የሸራ ቦርሳ አለው ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ፤ ሲደርስ ናይለን ሆነ። ቅር ላላቸው ካሣ 500 አቶም ተሰጠ፤ አምስት ዶላር ገደማ። ሁካታው ሲብስ ሸራው ይሰፋላችኋል ተባለና ሰዉ ማመልከቻ ማስገባት ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2018፣ በስርዓቱ ብልሽት አንዳንድ ደንበኞች የሌሎችን ማመልከቻ ከነስሙና ከነአድራሻው ማየት ቻሉ። ጨዋታው ውስጥ ሰው የለም ብለው ሲያላዝኑ ለነበሩት፣ ይኸው ሰው ከነቤቱ ቁጥር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በጨዋታው ስም የተሸጠ የራስ ቁር የውስጡ ጨርቅ ሻግቶ ከገበያ ተሰበሰበ። ሻጋታው ግን ተጨማሪ ሂሳብ አልተጠየቀበትም፤ ደግነታቸውን አንካድ።

ሥነ ሥርዓትም ያስተምሩ ነበር። በማጭበርበሪያ ሶፍትዌር የታገዱ ተጫዋቾች እገዳው እንዲነሣላቸው ከፈለጉ፣ እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የኦንላይን ጨዋታን ማኅበረሰብ ለምን እንደሚጎዳ ድርሰት ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ሳይጨርሱ መሸጥ ስለሚያደርሰው ጉዳት ድርሰት የጻፈ ኃላፊ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ምናልባት ገጹ በዝቶበት ይሆናል።

ይህን ከጃፓኖቹ ብክነት ጋር አስተያዩት። ስኩዌር ኢኒክስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ 14 ሲጀመር ከዚህ የሚሻል አልነበረም። አንዲት የአበባ ማሰሮ ተጫዋቹ የሚመራውን ሰው ያህል ፖሊጎን ትበላ እንደነበር ኋላ ሥራውን የተረከቡት ናኦኪ ዮሺዳ ራሳቸው ተናግረዋል። ማሰሮዋን በ12.99 ከመሸጥ ይልቅ ምን አደረጉ? ይቅርታ ጠየቁ። ወርኃዊውን ክፍያ ከዓመት በላይ ተዉት። ኖቬምበር 11 ቀን 2012 ሰርቨሩን ዘጉ፤ በታሪኩም ውስጥ ጨረቃ አውርደው ዓለሙን አጠፉት፤ ኦገስት 27 ቀን 2013 ከመሠረቱ ሠርተው ከፈቱ። በዲሴምበር 2021 ሰዉ በዝቶ ወረፋው ሰዓታት ሲፈጅ ደግሞ ለነባሮቹ ነፃ ቀናት ጨምረው ጨዋታውን መሸጥ አቆሙ። መሸጥ አቆሙ! ገንዘቡን ይዞ ደጅ የቆመ ሰው ቦታ የለንም ተብሎ ይመለሳል? እንዲህ ያለውን ነጋዴ ዘመድ ሊመክረው ይገባ ነበር።

ለነገሩ ቤቴስዳ ብቻውን አልበረታም፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል፣ የእኛም አያያዝ ይታያል። መጻጉዕ ውኃው እስኪናወጥ ሲጠብቅ 38 ዓመት መጠመቂያው ዳር ተኛ፤ የእኛ ሰው አፕዴት እስኪለቀቅ ይተኛል። (የመጠመቂያውንና የኩባንያውን ስም መቀራረብ አጋጣሚ ብለን እንለፈው።) መጥቶ ከአሥሩ ስህተት አንዱ ሲጠገንለት ‹ይሰሙናል እኮ!› ብሎ ምርቃቱን ያወርደዋል፤ ስህተቱን ማን እንዳመጣው ጠያቂ የለም። በኤፕሪል 2024 ፎልአውት ተከታታይ ፊልም ሆኖ በአማዞን ሲወጣ ደግሞ በአንድ ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ጨዋታውን ከፈተው። አሁን ጥሩ ሆኗል ይላሉ፣ ልክ ናቸው፤ ሰው አለበት፣ የማይከፍለው ሰው ሣጥንም በ2020 መጨረሻ ወደ 1200 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ጉዱ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ጎዶሎ መሸጥ ያከስራል ለማለት ሁሉም በምሳሌነት ሲጠቅሰው የነበረ ጨዋታ፣ እንደማያከስር ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አሁን የትኛው የኩባንያ ሹም ነው ይህን አይቶ ሥራውን ጨርሶ የሚሸጠው?

ነገሩ ያልገባቸው አውስትራሊያውያን ናቸው። በኖቬምበር 2019 የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን የቤቴስዳን እናት ኩባንያ ዜኒማክስን አፋጠጠው፤ ገንዘባችን ይመለስ ያሉ የፎልአውት 76 ገዢዎችን ስለ መብታቸው ሳያሳስት እንዳልቀረ ኩባንያው አመነ፤ በጊዜው አመልክተው ለነበሩትም ገንዘባቸውን ሊመልስ ተስማማ። የእነሱ ሕግ በጨዋታና በልብስ ማጠቢያ ማሽን መካከል ልዩነት አያውቅም፤ የተሸጠ ዕቃ መሥራት አለበት ይላል። ነገር ግን ውሳኔው ጭካኔ አለበት። ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን ማውረድም መጫወትም አይችልም። ያ ምስኪን ሙሉ ገንዘቡን ኪሱ ከቶ፣ የሚደፋው ብሎን፣ የሚጠብቀው አፕዴት ሳይኖረው፣ ምን ሲሠራ ሊያመሽ ነው?