ስለ እርጥብ ፎጣ፦ የቴሌቪዥኑ ካምፕና የእውነቱ ካምፕ

ማንኛውም ጥናት ከስያሜ ይነሣል፤ የእኛም ጣጣ የተነሣው ከዚያው ነው። አሜሪካኖች «ሰመር ካምፕ» ይላሉ። ሰመር ለእነሱ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እኛ ግን ሐምሌና ነሐሴን ቆጥረን «ክረምት» እንለዋለን። ካምፕ ደግሞ በአማርኛ ሦስት ነገር ነው፦ ወታደር የሚሰፍርበት፣ ስደተኛ የሚጠለልበት፣ መንገድ ሠሪ ድርጅት የቆርቆሮ ቤቱን የሚተክልበት። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ «ልጁን ክረምት ካምፕ ልናስገባው ነው» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋም። ዐሥር ዓመቱ ነው። ከሜሪላንድ ተነሥተን፣ ፔንሲልቬንያ ፖኮኖ ተራሮች ድረስ አራት ሰዓት ገደማ ነድተን፣ ለማናውቃቸው የኮሌጅ ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት አስረክበነው ተመለስን። «ስንት ይከፍሉታል?» ስትለኝ ከፋዮቹ እኛ መሆናችንን ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ? ሄሎ?» አልኩ።

እናቴ ግን ከታሪኩ ብዙም አልራቀችም። አሜሪካኖች የመጀመሪያው ካምፕ እያሉ የሚጠቅሱት የ1861ዱን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የእርስ በርስ ጦርነታቸው በተጀመረበት በዚያ ዓመት ፍሬድሪክ ጋን የሚባል የኮነቲከት ርእሰ መምህር፣ እንደ ወታደር ድንኳን ውስጥ ማደር ያማራቸውን ተማሪዎቹን በእግር እየመራ ባሕር ዳርቻ ወስዶ ሁለት ሳምንት ያህል አሰፈራቸው። ነገሩ ሲወጠን የጦር ሰፈር ነበር ማለት ነው።

የጥናቱ መረጃ የተሰበሰበው ከሁለት ምንጮች ነው። አንደኛው ሳሎናችን ያለው ቴሌቪዥን ነው። ሁለተኛው አንድ ልጅ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ናቸው። ሻንጣው ይዞት የሄደው፣ ፌስታሉ ይዞት የመጣው ነው።

የቴሌቪዥን ካምፕ በአራት ወገን ይከፈላል። የመጀመሪያው ዘመደ ገዳይ ሲሆን አውራው የ1980ው «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ነው። በዚህ ወገን «ካውንስለር» የሚባሉት ልጅ ጠባቂ ወጣቶች አንድ በአንድ ያልቃሉ። የፈጀቻቸው አንዲት እናት መሆኗ መጨረሻ ላይ ይታወቃል፤ ልጄ ሐይቅ ውስጥ ሲሰጥም ዞር ብለው አላዩትም ባይ ናት። ባለቤቴ ግድያውን አልደገፈችም፤ ቅሬታው ግን ገብቷታል። ሁለተኛው ዘመደ መንታ ነው፦ «ዘ ፓረንት ትራፕ»፣ መጀመሪያ በ1961፣ ኋላም በ1998። ወላጆቻቸው ሲፋቱ የተለያዩ መንትዮች ካምፕ ላይ ይገናኙና የቤተሰባቸውን ምስጢር ፍልፍል አድርገው ያወጣሉ። የእኛ ልጅ አንድ ጎጆ ውስጥ ዐሥራ አራት ሌሊት አብሮት ያደረውን ጓደኛውን እስከ ዛሬ «ያ ጥርሱ የወለቀው ልጅ» ነው የሚለው። ሦስተኛው ዘመደ ዘፈን ነው፤ የዲዝኒ ቻናሉ «ካምፕ ሮክ» (2008) ይበቃዋል፤ አልመለስበትም።

አራተኛው ዘመደ ሳቅ ነው፤ ቤታችንን ያመሰውም እሱ ነው። ከ2015 እስከ 2024 የታየው «ባንክድ» ሲጀመር ታሪኩ የሜን ጫካ ውስጥ ነው። ጫካው ሰው የለበትም ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ልጅ በተናገረ ቁጥር ከዛፎቹ ጀርባ የማይታዩ ብዙ ሰዎች ይስቃሉ። ልጆቹ አንድም ቀን «እነማን ናቸው?» ብለው አያውቁም። የእኛ ልጅ «ካምፕ ካልሄድኩ» ብሎ ያስለቀሰን ይህን አይቶ ነው።

አራቱንም ወገን አንድ የሚያደርጋቸው ሐይቅ ነው። ሐይቅ የሌለው የቴሌቪዥን ካምፕ ማግኘት ጭንቅ ነው። ይዘላሉ፣ ይገፈታተራሉ፣ ታንኳ ይገለብጣሉ። ቀጥሎ መመገቢያ አዳራሽ ስናገኛቸው ግን ጸጉራቸው የደረቀ ነው፣ ልብሳቸው የተተኮሰ ነው። ውሃው የት ሄደ? የዚህ ጥናት ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ፌስታሉ ውስጥ ነበር።

በእውነቱ ካምፕ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ሐይቅ ይገባል። በዐሥራ አራት ቀን 28 ጊዜ ይርሳል ማለት ነው። ካምፑ የላከልን የዕቃ ዝርዝር ግን «ፎጣ፦ 2» ይላል። ጎጆው ዛፍ ሥር ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም። ማታ ጤዛ ስለሚወርድ የተሰጣ ፎጣ ጠዋት የሚገኘው ከማታው ብሶበት ነው። ይህን ካየሁ በኋላ «ሰመር»ን «ክረምት» ብለው የተረጎሙት ሰዎች ምን ያህል አስተዋዮች እንደነበሩ ገባኝ።

የካምፕ ፎጣ እንደሚከተለው ይመደባል።

ገመድ ያየ ፎጣ። ብርቅ ነው። የሚገኘው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሲሆን ባለቤቱም ካውንስለሩ ነው።

ተንጠልጣይ ፎጣ። ከተደራራቢው አልጋ የላይኛው ጫፍ ላይ ይሰቀላል። የእኛ ልጅ የተኛው ከታች ነበር። «ማታ ማታ ይዘንብ ነበር» አለን። ጎጆው ያፈሳል ወይ ብንለው «አይ፣ እኔ ላይ ብቻ ነው» አለ፤ ምንም የማማረር ነገር አልነበረውም።

ጥቅልል ፎጣ። እርጥብ የዋና ልብስ በሆዱ ይዞ ከሻንጣ ሥር የሚቀበር ነው። ይህኛው በዕድሜ ይከፋፈላል፦ የሦስት ቀን ጥቅልል፣ የሳምንት ጥቅልልና አፉ በድርብ ቋጠሮ የታሰረ የፌስታል ጥቅልል። የመጨረሻውን የከፈትነው በረንዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ጠላ ጠማቂ ቤት ያደገች ናት፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችና፣ ልክ እንደ ባለሙያ ራሷን ነቅንቃ፣ «ጌሾ ብቻ ነው የቀረው» አለች። ፎጣው ሲሄድ ነጭ ነበር። ሲመለስ ነጭ፣ ቡኒና አንድ ስም ያጣንለት ቀለም ነበረው። መሐሉ ላይ አንዲት ሕያው ጉንዳን አለች። ከፔንሲልቬንያ እስከ ሜሪላንድ የመጣችበትን ትዕግሥት እናደንቃለን።

ፊደል ያለበት ፎጣ። ይህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ካምፑ ዕቃ ሁሉ ስም ይጻፍበት ብሎ አዝዟል። ሌሎቹ ወላጆች በእንግሊዝኛ ጻፉ። ባለቤቴ ግን ማንም ደፍሮ እንዳይወስደው በሚል የልጁን ስም በአማርኛ ጠለፈችበት፤ በአረንጓዴ ክር፣ መዳፍ በሚያህል ፊደል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ማንም አልወሰደውም። የመለሰለትም የለም። ልጁ በሁለተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ረሳው፤ ያገኘው ካውንስለር የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻለ የጠፋ ዕቃ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ልጁ ደግሞ ሰባት ጊዜ በጠረጴዛው አጠገብ አልፎ አላየውም።

እኛ ግን አየነው። ስልክ በካምፑ ክልክል ስለሆነ ወላጅ የሚጽናናው ካምፑ ማታ ማታ በሚለጥፋቸው ፎቶዎች ነው። መቶ የማናውቃቸውን ልጆች ጆሮና ማጅራት ስንመረምር አምሽተን፣ በአራተኛው ሌሊት ባለቤቴ ጮኸች። ፎቶው ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ያሳያል። ከኋላቸው ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ፎጣው፣ ፎጣው ላይ የልጃችን ስም፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ልጁ የለም። ፎቶውን ለእናቴ ላክንላት። «ፎጣው ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ልጁስ?»

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ። ቴሌቪዥን ላይ የካምፕ ደብዳቤ በለሆሳስ እየተነበበ፣ ሥሩ ጊታር እየተመታ፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ትጠልቃለች። እናቴ ደግሞ ደብዳቤ ስትል የምታውቀው «ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ የሚነሣውንና ጎረቤት ሁሉ በየስሙ ሰላም የሚባልበትን ነው። የእኛው ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦ «ደህና ነኝ። ባትሪዬ አይበራም። ፎጣዬን አይታችኋል?»

አምስተኛ ወገን አለ፤ የሰው ፎጣ ይባላል። ልጁ ሲመለስ የማናውቀው ሻርክ የተሳለበትን አንዱን ይዞ መጥቷል። ስለ እሱ ልጽፍ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ የተጻፈበትን ልጅ እናት አፈላልጌ ስደውል፣ እሷም ቤቷ የሌላ ሰው ፎጣ እንዳለ ነገረችኝ፤ የዚያኛው ባለቤት ደግሞ ሌላ። ሰንሰለቱ የት እንደሚያልቅ እንጃ። ምደባውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። ሻርኩ መታጠቢያ ቤታችን ተሰቅሏል፤ ደርቋል።

ልጁ ለሚቀጥለው ዓመት ይመዝገብልኝ አለ። ስነግራት እናቴ «አሁንም ምሕረት አላደረጉለትም?» አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ያንኑ የሳቅ ካምፕ አየን። አንድ ልጅ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ፣ ዛፎቹ ሳቁ፣ ቀጥሎ ልጁ ደርቆ ምሳ ይበላል። የእኔው ልጅ ፊቱን ኮስተር አደረገና «ባባ፣ ፎጣው የታለ?» አለኝ። ወደ ኋላ መልሰን አየነው። ሁለት ጊዜ። የለም።