ማስገባቱስ ቀላል ነበር

ዶክመንት ዳታቤዝ ሲመሰገን ሁልጊዜ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። ሠንጠረዥ አስቀድሞ መንደፍ አያስፈልግም፣ ያለውን ጄሰን እንዳለ ማስገባት ነው፣ ነገ አዲስ ፊልድ ቢመጣ መጨመር ነው ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሥራችን ማስገባት ብቻ ቢሆን ማን ያማርር ነበር? ደንበኛ ስልክ ይቀይራል፣ የአባት ስም ተሳስቶ ይገኛል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ሰው ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ይዛወራል። የተቀመጠውን የማረም ተራ ሲደርስ ነው መከራችን የሚጀምረው። ስለዚያ ቀን አስቀድሞ የሚነግረን ግን የለም።

ከእነዚህ ዳታቤዞች አንዱ የሆነው ሞንጎዲቢ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ዋናው የማረሚያ ትእዛዙ «አፕዴት» ነበር። ይህ አንድ ትእዛዝ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ሥራዎችን ይሠራ ነበር። ከለውጡ ፊት «$ሴት» ከተጻፈ የተጠቀሰውን ፊልድ ብቻ ይለውጥ ነበር። ካልተጻፈ ግን ከመለያ ቁጥሩ በቀር ዶክመንቱን በሙሉ አንሥቶ በተሰጠው ይተካው ነበር። የደንበኛውን ስልክ እናርም ብለን ስሙን፣ አድራሻውንና የክፍያ ታሪኩን አጥፍተን ስልኩን ብቻ እናስቀር ነበር። ኪሱ የተቀደደ ኮት ለሰፊ ሰጥቶ፣ ኪሱን ብቻ ተቀብሎ እንደመመለስ ነው። ኢረር የሚባል ነገር አይታይም ነበር፤ በዳታቤዙ ዓይን የታዘዘው ተፈጽሟልና። በዚያ ላይ የሚታረመውን የሚመርጠው ማጣሪያ ሺህ ዶክመንት ቢያገኝ እንኳ «ሁሉንም» ብለን በግልጽ ካላዘዝነው አንዱን ነክቶ ያቆም ነበር።

ነገሩ የተስተካከለው በስሪት 3.2 ነው፤ 2015 ሊያልቅ ሲል። ሥራው «አፕዴትዋን»፣ «አፕዴትሜኒ» እና «ሪፕሌስዋን» ተብሎ ለሦስት ተከፈለ። ዛሬ «አፕዴትዋን» እንደ «$ሴት» ያለ ምልክት ሳይኖረው ከቀረበለት እምቢ ይላል። እሰየው። እስከዚያ ድረስ በየቤቱ የተደመሰሰውን ግን ማንም አልመለሰውም።

እምቢታው ደግሞ አንድ ደረጃ ወረድ ሲል ያበቃል። ዶክመንቱ ውስጥ «አድራሻ» የሚል ፊልድ አለ እንበል፤ በውስጡ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ይዟል። ወረዳውን ብቻ ለመለወጥ «$ሴት» ብለን አድራሻን ከነቅንፉ ከሰጠነው ከተማውም የቤት ቁጥሩም ይጠፋሉ። «አድራሻ.ወረዳ» ብለን በነጥብ ካያያዝነው ግን ወረዳው ብቻ ይለወጣል። በሁለቱ አጻጻፍ መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ኢምንት ነው። ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ሁለቱም «ተሳክቷል» ይላሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያደክመኝ ይህ «ተሳክቷል» ነው። ማጣሪያው ምንም ዶክመንት ባያገኝ እንኳ ትእዛዙ እንደተሳካ ይቆጠራል። ስንት ዶክመንት እንደተገኘና ስንቱ እንደተለወጠ የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች ከመልሱ ጋር ይመጣሉ፤ የሚያያቸው ግን ጥቂት ነው። ኮዱ ዜሮውን ሳያይ ያልፋል፣ ገጹ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፣ ደንበኛው መረጃው የተስተካከለለት መስሎት ይሄዳል።

ለምን ዜሮ ይሆናል? ማንም አይጠይቃችሁም ተብለን ያሻንን ስላስገባን ነዋ! በአንድ ኮሌክሽን ውስጥ የአንዱ ስልክ በ09 ይጀምራል፣ የሌላው በ+251፤ የሦስተኛው ቁጥር ሆኖ ስለገባ ፊተኛዋ ዜሮ ወድቃለች። ለዳታቤዙ ፊደልና ቁጥር አይተያዩም፤ በጽሑፍ ስንፈልግ በቁጥር የተቀመጠውን አያገኝልንም። ስም ላይ ስንደርስ ይብሳል። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሀይሉ ለኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽኑ ሦስት። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ሆሄያቱን አስቀድሞ ወደ አንድ የማምጣት ሥራ የኛ ነው፤ የውጭ አገር ማስተማሪያ አይነግረንም፣ እኛም ጊዜ የለንም እያልን እናልፈዋለን። በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ከ09 ሌላ አይቶ የማያውቅ ኮድ ስልኩን ለቀየረ ደንበኛ በሩን ይዘጋ ጀመር።

«አፕሰርት» የሚባለው ሲጨመርበት ዜሮውም ይደበቃል። ካለ አርም፣ ከሌለ ፍጠር ማለት ነው፤ በአግባቡ ለተጠቀመበት መልካም ነገር ነው። ስልኩ በሌላ መልክ የተቀመጠ ሰው ግን እንደሌለ ተቆጥሮ አዲስ ዶክመንት ይፈጠርለታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሁለት ነው። አንደኛው መዝገብ ላይ ዕዳው ተከፍሏል፣ ሌላኛው ላይ አልተከፈለም። ሰውየው ደረሰኙን ይዞ ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት የመስኮቷ ሠራተኛ «ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው» ትለዋለች። ሲስተሙ የሚለውን ያልነው እኛ ነን።

ከሞንጎዲቢ ጋር በጃቫስክሪፕት ለምንሠራ «ሞንጉስ» የሚባለው ላይብረሪ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። «ፋይንድ ዋን ኤንድ አፕዴት» ብለን ስናዝ አርሞ የሚመልስልን፣ ሌላ ካላዘዝነው በቀር፣ ከመታረሙ በፊት የነበረውን ነው። ስንቱ አዲስ ባልደረባ «አልተቀየረም» እያለ ደጋግሞ ሲያዝ አምሽቷል! ስናስገባ የሚፈትሽልን የመረጃ ሕግ ስናርም በራሱ አይሠራም፤ «ራንቫሊዴተርስ» ብለን ማዘዝ አለብን። ስኪማው ላይ የሌለ ፊልድ ብንሰጠው ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። በስሪት 6 ደግሞ ይኸው መጣል ለማጣሪያውም ተረፈ፤ የፊልዱን ስም ብንሳሳት ፊልዱ ተጥሎ ባዶ ማጣሪያ ይቀራል፣ ባዶ ማጣሪያ ማለት ደግሞ ሁሉም ዶክመንት ማለት ነው። በስሪት 7 ተመለሰ። በዚህ መካከል በአንድ ሆሄ ስህተት ስንት ኮሌክሽን እንደተነካ ማሰብ ራሱ ያስፈራል።

አንዱ ምርት ላይ ብቻ እንዳልጮህ፣ በፋየርስቶርም «ሴት» የሚለው ትእዛዝ «መርጅ» ካልታከለበት ነባሩን ዶክመንት ደምስሶ በላዩ ይጽፋል። ካውችዲቢ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ዶክመንቱን ለማረም የመጨረሻ እትሙን የሚያሳይ መለያ ይዘን መቅረብ አለብን፤ በመካከል ሌላ ሰው አርሞት ከሆነ 409 ብሎ ይመልሰናል። ብዙዎች በዚህ ይበሳጫሉ። እኔ ግን ይህን ብስጭት እመርጣለሁ። ሌላው ጋ ሁለት ሠራተኞች አንዱን መዝገብ ከፍተው ሙሉውን መልሰው ሲያስቀምጡ የኋለኛው የፊተኛውን ሥራ ይውጠዋል፤ ማንም አያውቅም። በግልጽ የሚከለክል ማሽን በዝምታ ከሚያጠፋ ማሽን ይሻላል።

ሌላው ድካም ድግግሞሽ ነው። ለንባብ ይፈጥናል ተብሎ የሻጩ ስም በየግዢ ትእዛዙ፣ በየደረሰኙና በየማሳወቂያው ውስጥ ይገለበጣል። ንባቡ በእርግጥ ይፈጥናል። ሻጩ ስሙን የቀየረ ዕለት ግን የት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የአንድ ዶክመንት እርማት ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል ወይ አይሆንም፤ ብዙ ዶክመንቶችን በአንድነት የሚጠብቅ ትራንዛክሽን ግን ሞንጎዲቢ ላይ የመጣው በስሪት 4.0፣ በ2018 ነው። ከመጣ በኋላም ብዙዎቻችን ሌሊት በሚሮጥ ስክሪፕት እንገፋለን። ስክሪፕቱ መሐል ላይ ሲቆም ግማሹ አዲስ ስም፣ ግማሹ አሮጌ ስም ይዞ ይነጋል።

የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው። በማስገባት ጊዜ የተተወው ሕግ አልቀረም፤ ክፍያው ተላልፎ በኋላ ለሚያርመው ሰው ተጫነ። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው ሲወሰን ያልነበረ፣ ዘግይቶ የተቀጠረ ልጅ ነው። መሣሪያው የለም እንዳይባል ሞንጎዲቢ ከ3.2 ጀምሮ የገባውን መፈተሽ፣ ከ3.6 ጀምሮ ደግሞ በጄሰን ስኪማ መልኩን መደንገግ ይችላል። በሥራ ያየኋቸው ብዙ ኮሌክሽኖች ግን አንድም ሕግ የላቸውም።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ስልክ በምን መልክ፣ ስም በየትኛው ሆሄ እንደሚቀመጥ ቡድኑ በመጀመሪያው ሳምንት ይስማማና ስኪማው ላይ ይጻፈው። ማንም ሰው «አፕዴትሜኒ» ከማዘዙ በፊት ያንኑ ማጣሪያ በፍለጋ ይሞክረውና ስንት ዶክመንት እንደሚነካ ይቁጠር። ባክአፕ ሳይያዝ ፕሮዳክሽን ላይ እርማት አይሂድ። ዜሮ ዶክመንት የነካ እርማትም አረንጓዴ ምልክት አይሰጠው፤ ለደንበኛው «አልተስተካከለም» ተብሎ ይነገረው። ያልተስተካከለን ተስተካክሏል ብሎ ሰው መሸኘት ውሸት ነው፤ ውሸቱን የተናገረው ማሽን ስለሆነ ብቻ ጥፋቱ ከእኛ ላይ አይወርድም።