«እያረፍኩ ነው»

እኛ ሰዎች ብቻችንን የምንሠራው ነገር ጥቂት ነው። አጨዳው በደቦ፣ ለቅሶው በእድር፣ ቁጠባው በእቁብ፣ በሬው በቅርጫ። ሞተሩ የጠፋበት ታክሲ ካለ ሾፌሩ አፉን ሳይከፍት አራት ሰው ከኋላ ሆኖ ይገፋል። ቡናዋን ብቻዋን የምትጠጣ ጎረቤት ካለችም ወይ ታማለች ወይ ተጣልታለች። ይህ ሁሉ መረዳዳት ግን ጂም በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ውጭ ይቀራል። ቤንች ላይ በጀርባ ተኝቶ 100 ኪሎ ብረት ከጉሮሮ በላይ ማንጠልጠል የግል ጉዳይ ነው፤ ማንም አይገባበትም።

የሰፈራችን ጂም ምድር ቤት ነው። ግማሹ ዲስክ ፋብሪካ የሠራው፣ ግማሹ ብየዳ ቤት የቆረጠው ነው። ጥግ ላይ ደግሞ የቀድሞዎቹ ልጆች የዘይት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በቧንቧ አያይዘው የሠሩት ቅርስ አለ። ጀግናችን የሚመጣው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው የለማ! ሰው ካለ «ልያዝልህ?» የሚል አይጠፋም፤ ለእሱ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ስልኩን ማቆሚያው ላይ ያቆማል፣ ቪዲዮውን ያስጀምራል፣ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይሰካና ድምፁን እስከ ጥግ ይለቀዋል። ምናልባት የራሱን የድረሱልኝ ጩኸት መስማት አይፈልግም ይሆናል።

ዘንጉ ባዶውን 20 ኪሎ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ባለ 20 ዲስክ ሲገባበት 100 ይሞላል። ባለፈው ሳምንት የገፋው 85 ነበር። ከ85 ቀጥሎ 87.5 የሚባል ቁጥር እንዳለ አልጠፋውም፤ ግን 87.5 ቪዲዮ ላይ አያምርም።

ከዚያ ዲስኩ እንዳይወጣ የሚይዘውን ክሊፕ ያጠብቃል። ኧረ በደንብ ነው የሚያጠብቀው! ረዳትም መከላከያም የሌለው ሰው ክሊፕ ባያስር፣ ብረቱ ደረቱ ላይ ሲቀርበት ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ዲስኩን ማራገፍ ይችላል። እርግጥ አያምርም። አንዱ ጫፍ ሲራገፍ ሌላው እንደ ደነበረ በቅሎ ይፈናጠራል፣ አጠገቡ የቆመ ካለ ወዮለት፣ ወለሉም ይጮሃል፤ ሰውየው ግን ከሥር ይወጣል። ጀግናችን ይህን መውጫ በገዛ እጁ ይቆልፈዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «ዲስኩ ወድቆ ሴራሚኩን ቢሰብረውስ?» አለኝ። ለሰው ንብረት እንዲህ የሚጨነቅ ወጣት ዛሬ ከየት ይገኛል?

አያያዙም ልዩ ነው። አውራ ጣቱን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያሰልፈዋል፤ ብረቱ መዳፉ ላይ እንደ ትሪ ተቀምጦ ለመንሸራተት ፈቃድ ይጠብቃል። የዓለም አቀፉ ፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ደንብ አውራ ጣት ዘንጉን ካልጠመጠመ አይቀበልም። ይባስ ብሎ መድረኩ ላይ ከ2 ያላነሱ፣ ከ5 ያልበለጡ ያዦች እንዲቆሙ ያዛል። ፈሪ ድርጅት! አሜሪካዊው ጁሊየስ ማዶክስም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. 355 ኪሎ ሲገፋ ያዦች ከበውት ነበር። ምስኪን፣ በራሱ ቢተማመን ኖሮ ሌሊት ብቻውን ይመጣ ነበር።

ለነገሩ ብቸኝነትን የመረጠ ሰውም መላ አላጣም። እዚሁ ጂም ውስጥ ባለ አራት ቋሚ የብረት ፍሬም አለ፤ ቋሚዎቹ ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገቡ ሁለት አግዳሚ ብረቶች አሉት። ቤንቹን መሐሉ ታስገባለህ። ተኝተህ ደረትህን ስትነፋ ከደረትህ ትንሽ ዝቅ የሚል፣ ትንፋሽህን ለቀህ ጀርባህን ስትዘረጋ ግን ከአንገትህና ከፊትህ ከፍ ብሎ የሚቀር ቀዳዳ መርጠህ አግዳሚዎቹን ትሰካለህ። መጀመሪያ በባዶው ዘንግ ትሞክረዋለህ። ከዚያ ወዲያ ብረቱ እምቢ ቢልህ ትንፋሽህን ትለቃለህ፣ አግዳሚው ይቀበልሃል፣ አንተ ሾልከህ ትወጣለህ። ሰው አልተጠራ፣ ይሉኝታ የለ፣ ውለታ የለ። እኛ ጃኬት እንሰቅልበታለን። ክረምት ሲገባ ጃንጥላም ይሰቀልበታል።

ክርክር ከተነሳም ጀግናችን ማስረጃ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ስታፎን ጆንሰን ቤንች ሲገፋ 125 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ብረት ከእጁ አምልጦ ጉሮሮው ላይ ወደቀ፤ ሰዓታት የፈጀ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ተረፈ። አጠገቡ አሠልጣኝ ነበር። «አየህ? ሰው ቆሞም ወድቆበታል!» ይለኛል ጀግናችን፣ ድል እንዳደረገ ሁሉ። በዚህ ስሌት ቀበቶ አስሮ የሞተ ሰው ስላለ የመኪናውን ቀበቶ በመቀስ ቆርጦ መጣል ነው።

100 ኪሎውን በሞከረበት ዕለት ጠዋት ጂሙ ውስጥ የነበርነው እሱ፣ ትሬድሚል ላይ የምንገላወደው እኔ፣ በሩ ላይ ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሬዲዮ የሚያዳምጡት ዘበኛው አባባ ነበርን። ብረቱን ከማቆሚያው አወጣው። አወረደው፣ ደረቱን ነካ፣ ገፋ። አራት ጣት ያህል ከፍ አለና ቆመ። ግራው ቀደመ፣ ቀኙ ዘገየ፣ ክንዶቹ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ብረቱ ምንም ሳይቸኩል ተመልሶ መጥቶ ደረቱ ላይ ተጋደመ።

እዚህ ላይም አንድ በር ክፍት ነበር፤ ብረቱን ከደረት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ዳሌ አንከባልሎ ቀና ብሎ መቀመጥ። ሆድ ላይ ያማል፣ ያየም ይስቃል። ስልኩ ደግሞ እየቀዳ ነው። ጀግናችን ሲያንከባልል ከመታየት መታፈንን መረጠ። ሁለት ዳምቤል ይዞ ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኝ ጥሏቸው ይነሳ ነበር፤ ዳምቤል ግን እሱ እንደሚለው የጀማሪ ነገር ነው።

እኔ ከትሬድሚሉ እስክወርድ አባባ ቀድመውኝ ደረሱ። ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት፤ በርበሬ መስሏል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?»

«ም… ምንም አባባ። እያረፍኩ ነው።»

«ብረት ተሸክመህ?»

«አ… አዎ።»

አባባ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንዱን ጫፍ ያዙ፤ እኔ ሌላውን። አንስተን ማቆሚያው ላይ መለስነው። ልጁ ተነስቶ ተቀመጠ። ደረቱ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። አመሰግናለሁ አላለም፤ ሮጦ ስልኩን አነሳና ቪዲዮውን አጠፋው። «ዛሬ በደንብ ሳልሞቅ ነው የገባሁበት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

በማግስቱ መጣ። ማዳመጫው፣ ማቆሚያው፣ ክሊፑ፣ 100 ኪሎው፣ ሁሉም በየቦታው። ጋደም ብሎ እጁን ወደ ብረቱ ሲሰድ አባባ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከበሩ ጎትተው መጡ። ከራስጌው አስቀመጡት፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡበት። ልጁ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቀለ።

«ምነው አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም ልጄ» አሉ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። «እያረፍኩ ነው።»