የሚመለከተውን አካል ለማፍረስና ሥልጣንና ተግባሩን ለነዋሪው ለማስተላለፍ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር፦ ቁጥሩ ገና ወረፋ ላይ ነው

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

መግቢያ

በመስከረም 1888 የክተት አዋጅ በተነገረ ጊዜ ቅድመ አያቶቻችን ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ሰሜን ከመዝመት በቀር፣ «ጉዳዩ የሚመለከተው አካል ይዝመት» የሚል ማመልከቻ ስለማስገባታቸው ማስረጃ ባለመገኘቱ፤

የልጅ ልጆቻቸው ግን በየዓመቱ የካቲት 23 ደረታቸውን ነፍተው የዓድዋን ድል እያከበሩ፣ ደጃቸው ላይ የተደፈነውን ቦይ መክፈት የሌላ ሰው ሥራ ነው ብለው በማመናቸው፤

በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቆይታ ያስረከበችን አጥንቷን ብቻ ሲሆን፣ እኛ በአንድ እሑድ ሽርሽር የምንተወው ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ግን መጪውን የአጥንት ቆፋሪ ክፉኛ ግራ የሚያጋባ በመሆኑ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 አካባቢን መንከባከብ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ሲደነግግ፣ ዜጋው «መንግሥት» የሚለው ላይ ሲደርስ መጽሐፉን የመክደን ልማድ ያዳበረ በመሆኑ፤

በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተሰበሰበው የነዋሪዎች ጉባኤ የሚከተለውን አውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «ደጅህን ጥረግ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። መጥቀስ ብቻውን እንደ መጥረግ አይቆጠርም።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

ሀ) «የሚመለከተው አካል» ማለት ሁሉም የሚያማርርበት፣ በየስብሰባው አደራ የሚጣልበት፣ ቢሮው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ያልተገኘለት አካል ነው፤

ለ) «ኩራት» ማለት አያት የሠራው፣ የልጅ ልጅ የሚያወራው ሥራ ነው፤

ሐ) «ለዛሬ ብቻ» ማለት ሁልጊዜ ማለት ነው፤

መ) በሌላ ሰው አነጋገር የተገለጸው አንባቢውንም ያካትታል።

3. መፍረስና መተላለፍ

1/ የሚመለከተው አካል በዚህ አዋጅ ፈርሷል።

2/ ሥልጣኑ፣ ተግባሩና ለዓመታት የተጠራቀመበት ወቀሳ እንደየድርሻው ለነዋሪው ተላልፏል።

3/ ደመወዝ የሚከፈለውና ማኅተም የያዘ ሹም «እንግዲህ እኔም ፈርሻለሁ» ብሎ በዚህ አንቀጽ ሊጠለል አይችልም። የእርሱ ሥራ ያው የእርሱ ነው።

4. ስለ ሰልፍና መንገድ

አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ መሮጡን እያወሳ የሚኮራ ማንኛውም ሰው፣ በተጫማ እግሩ ሃምሳ እርምጃ ሄዶ በዜብራ የመሻገር ግዴታ አለበት። መታጠፊያ ላይ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህና ሾፌሩን በሥርዓት የለሽነት መውቀስ በአንድ ጉዞ ውስጥ አብረው አይፈቀዱም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ለዓመታት ሰልፍ አክብሮ የኖረ ወገንም ቦሌ ሲያርፍ ትዕግሥቱን ከሻንጣው ጋር መረከቡን ያረጋግጣል።

5. ስለ ፌስታል

በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ተደንግጎ በነበረበት ጊዜ እንኳ፣ ሱቅ ውስጥ የነበረው ክርክር ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ውፍረት ሆኖ አያውቅም። ባለሱቁ ሰጠ፤ ገዢው ተቀበለ፤ ሁለቱም በአንድ ድምፅ የሚመለከተውን አካል ወቀሱ። ከእንግዲህ በሚያዝያ ወደ ቦይ የተወረወረ ፌስታል በሐምሌ በጎርፍ ታጅቦ ደጅ ድረስ ሲመጣ፣ ወርዋሪው «አላውቀውም» ማለት አይችልም። ዝናብ በሰጠው ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም።

6. ስለ ችግኝ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። በዚያም ቀን ሆነ ከዚያ ወዲህ ከችግኝ ጋር ፎቶ የተነሣ ሁሉ፣ በጋው ሲያልፍ ከዚያው ችግኝ ጋር የተነሣውን ሁለተኛ ፎቶ ያቀርባል። በፎቶው ላይ ችግኙ ቆሞ መታየት አለበት፤ የተካዩ ፈገግታ ብቻውን በማስረጃነት አይያዝም።

7. ስለ «ሰው አለህ?»

ጠዋት በቡና ላይ ሙስናን ሲያወግዝ ያረፈደ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ለካርታ ወይም ለመታወቂያ ጉዳይ «እዚያ መሥሪያ ቤት ሰው አለህ?» ብሎ መደወል ተከልክሏል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ፤ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውም ሰው ናት። በዘመድ የገባ ባለጉዳይ፣ የቀደማቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጋቢ ተከናንበው የተሰለፉትን እናት መሆኑን አውቆ ይግባ። «ለሻይ» ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ከበለጠ ስሙ ጉቦ ነው፤ ሰጪውም ከተቀባዩ እኩል እንደጠጣ ይቆጠራል።

8. ስለ አስፈጻሚ

ይህን አዋጅ ለማስፈጸም ኤጀንሲ አይቋቋምም፤ መኪና አይገዛም፤ ቢሾፍቱ ላይ አውደ ጥናት አይዘጋጅም። ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ የሚሸከም፣ በየወሩ መዋጮ የሚከፍል፣ በቀረውም ላይ መቀጫ የሚጥል ዕድር ያለው ሕዝብ የአደረጃጀት ችግር የለበትም። በዕድር «ድንኳኑን የሚመለከተው አካል ይትከል» ያለ ሰው የለም፤ ቢል የእርሱ ቀን ሲደርስ የሚሆነውን ያውቀዋል። ስለዚህ ለሞተ ጎረቤት የምናሳየው ትጋት ሩብ ያህሉ በሕይወት ላለው ጎረቤት እንዲውል ታዟል።

9. ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ በመጀመሪያ ጥፋቱ ለሁለት ዓመት የሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ ይሆናል። ከደገመ ገንዘብ ያዥ ይሆናል።

10. የተሻሩ ሕጎች

«እኔ ምን አገባኝ»፣ «ሁሉም ያደርገው የለ» እና «ከሰኞ ጀምሮ» የሚሉት የልማድ ሕጎች ሙሉ በሙሉ ተሽረዋል።

11. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታተም አይጠበቅም። አንባቢው በእጁ ያለውን የማስቲካ ወረቀት፣ የቆሻሻ ቅርጫት እስኪያገኝ ድረስ በኪሱ ካኖረበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

አዲስ አበባ

ፊርማ፦ ፈራሚው አካል በአንቀጽ 3 ስለፈረሰ አንባቢው ይፈርም።